ፎክሮ የማይዘምት ግጥም

እንደምን አመሻችሁ ወዳጆቼ።

ስለ ጦርነት ግጥም ላወራ ነው የመጣሁት፤ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እኛ ጋ የጦርነት ግጥም ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ፉከራና ቀረርቶ ነው። ደም ያሞቃል፣ ከመቀመጫ ያስነሳል። እኔም ስሰማው ልቤ ይነሳል። ግን ድሮ ምን ይሠራ እንደነበር ካላየን ዛሬ ምን እያደረግንበት እንደሆነ አይገባንም።

እስቲ የድሮውን የግብር አዳራሽ አስቡት። ሰው በልቶ ጠጥቷል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሽለላውን ያወርደዋል፣ ከታዳሚው የአንዱን አባት ስም ጠርቶ ይነካካዋል። ሰውየው መቀመጥ ያቅተዋል። ብድግ ብሎ ጋሻውን ያነሳና «ዘራፍ!» ይላል፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፣ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ የት ዘምቶ ማንን እንደጣለ፣ ነገ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። ይሄን ሁሉ የሚለው በጌታውና በጓደኞቹ ፊት ነው። ነገ ጦር ሜዳ ላይ ቢሸሽ ያንን ግጥም ይዞ የት ይገባል? ፉከራ መሐላ ነበር። ከዘመቻ ሲመለስም የዋለበትን በግጥም ይናገራል፤ ቢዋሽ አብሮት የዋለው ሰው እዚያው ቁጭ ብሎ ይሰማዋል።

ከዓድዋ የተረፈችን አንዲት ግጥም አለች፣ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፦

ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ፣
መድፍ አገላባጭ ብቻ ለብቻ።

ፊታውራሪ ገበየሁ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ወደቁ። ግጥሟ ሞታቸውን አልደበቀችም፣ በስማቸው ጀመረች። ግን እዚያው ስንኝ ላይ ባልቻን አቆመችልን። ሰው ጎደለ፣ ቦታው ግን ባዶ አልቀረም። በሁለት መስመር ሐዘንም፣ ማጽናኛም፣ ለሚቀጥለው ሰው ጥሪም አለ። እንዲህ ዓይነት ግጥም ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የሚያቆመው የለም።

ጠላትም ይሄን ያውቅ ነበር። የወራሪው ኢጣሊያ ገዥ ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም.፣ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ፣ ወደ ሮም በላከው መልእክት አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን ከአደገኞቹ መድቦ እየተያዙ እንዲረሸኑ ማዘዙን ገልጿል። አስቡት፤ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ያለው ጦር ማሲንቆ የያዘ ሰው ፈርቶ ገደለ።

እሺ፣ ይሄ አንዱ ወገን ነው። ሌላውን ወገን የያዙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሙሾ።

የጀግና ለቅሶ ላይ ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል፣ ጠመንጃውና ልብሱ ይታያል፣ አልቃሿ ከመሃል ሆና ስሙን ትጠራለች። ፉከራው ያላለውን የምትለው እሷ ናት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሲሞቱ የተባለውን ስሙ፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

እንግሊዝ የሚባል ነገር የለም እዚህ ውስጥ። መድፉም የለም። አልቃሿ ዓይኗን የጣለችው በራሷ ወገን ላይ ነው። ወንድ አንድ ሰው ከሞተ ሌላው የት ነበር? ማን ትቷቸው ሄደ? ይሄን በአደባባይ በቀጥታ የሚናገር ሰው አንገቱ ይሄድ ነበር፤ በለቅሶ መሃል ግን ተባለ፣ እስከ ዛሬም አለ። የጦርነት ግጥም ትልቁ ሥራ ለእኔ ይሄ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ መጠየቅ።

ይሄ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጄሲ ፖፕ የተባለች እንግሊዛዊት ወጣቶችን ወደ ግንባር የሚያነሳሳ ግጥም በጋዜጣ ትጽፍ ነበር። ዊልፍሬድ ኦወን ደግሞ ምሽግ ውስጥ የነበረ መኮንን ነው። በመርዝ ጋዝ ታፍኖ ስለሚሞት ወታደር የጻፈውን ግጥም በረቂቁ ላይ ለእሷ ብሎ ነበር የሰጠው። ኦወን ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው በ25 ዓመቱ ተገደለ። ግጥሙ ዛሬም ይነበባል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፣ ደፍሬ ልናገር። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ፌስቡክና ዩቲዩብ ላይ የወረደውን ፉከራ አስታውሱ። በሁሉም ወገን ነበር። አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ የሚፎክር ነበር፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚፎክርም ነበር። «ዘራፍ» ያለው ሰው አልዘመተም፤ የዘመተው የገበሬ ልጅ ነው። «ጠላት» የተባለውም ትናንት አብሮን የተማረ፣ አብሮን የነገደ፣ የተጋባን ሰው ነው። መሐላው ከማይዘምት ሰው አፍ ወጣ፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ያሳዝነኛልም። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፣ ከዚያም በኋላ ተኩሱ በሌላ በኩል ቀጠለ። ያኔ የፎከሩት ሰዎች ስለ ሞቱት ልጆች ሲያለቅሱ ብዙም አልሰማሁም።

እናንተ ወጣት ገጣሚዎች ናችሁ፣ ስለዚህ ልለምናችሁ። አዲስ ፉከራ ለጊዜው ይቅር። ሙሾው በየገጠሩ፣ በየለቅሶ ቤቱ እየተባለ ነው፤ የያዙት ደግሞ እናቶቻችንና አያቶቻችን ናቸው። ሂዱና ስሙ። ፈቃድ ጠይቁና በስልካችሁ ቅዱ። ማን አለችው፣ ለማን፣ የት አገር፣ በየትኛው ዓመት፣ ይሄን ጻፉ፤ ስሜ አይውጣ ካለች አታውጡ። ቤት አልመታም ብላችሁ ቃሏን አታስተካክሉ። በአማርኛ ብቻም አይሁን፤ ትግርኛም፣ ኦሮምኛም፣ አፋርኛም የሚችል ጓደኛ አላችሁ፣ አብራችሁ ሂዱ። ልጇ በየትኛው ወገን ሞተ የሚለውን ደግሞ መምረጫ አታድርጉት። የሰበሰባችሁትን እዚሁ መድረክ ላይ እናነበዋለን፣ እኔም የአገሬን ይዤ እመጣለሁ።

ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።