በብራግ ነጥቦች መካከል ያለውን ምልክት ስለመለካት

የተከበራችሁ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች፣

ኒውትሮን ክሪስታልን ሲመታ ደምቀው የሚወጡት የብራግ ነጥቦች የአተሞቹን አማካይ አቀማመጥ ብቻ ይነግሩናል። አንድ አተም ከቦታው ፈቀቅ ሲል ጎረቤቱን ወዴት እንደሚገፋው፣ አንድ ስፒን (የአተም ጥቃቅን ማግኔት) ሲገለበጥ አጠገቡ ያለው ምን እንደሚሆን የሚታወቀው በነጥቦቹ መካከል ከተዘረጋው ደብዛዛ ብትን፣ ማለትም ከነጥቦቹ ውጭ ከተበተኑት ኒውትሮኖች ነው። ምልክቱ እጅግ ደካማ በመሆኑ፣ ዳራውን (ከሚፈለገው ምልክት ውጭ የሚቆጠረውን) በቅጡ ያልለካ ሰው ምንም አልለካም ብዬ አምናለሁ።

ሥራው ከናሙናው ይጀምራል። ሃይድሮጅን 80 ባርን (ባርን የመበተን ዕድል መለኪያ ነው) ያህል ኢ-ተዛማጅ ብትን፣ ማለትም ስለ አተሞች አቀማመጥ የማይነግር ብትን፣ ስላለው ምልክቱን ይውጠዋል፤ በዲውቴሪየም (በከባዱ ሃይድሮጅን) ከተተካ ይህ ወደ 2 ባርን ይወርዳል። ተፈጥሯዊ ዲስፕሮሲየም ደግሞ ኒውትሮኑን ራሱን ይመጠዋል፤ መፍትሔው ያነሰ በሚመጠው አይሶቶፑ፣ በዲስፕሮሲየም-162፣ መተካት ወይም ናሙናውን ማሳሳት ነው።

ከናሙናው ሌላ ባዶውን መያዣ፣ በመያዣው ቦታ ካድሚየምን፣ እንዲሁም ቫናዲየምን ለኩ። ካድሚየሙ ጨረሩን ስለሚያግድ ከሌላ አቅጣጫ የሚገባውን ያሳያል፤ ቫናዲየም በሁሉም አቅጣጫ እኩል ለማለት በሚቻል መጠን ስለሚበትን የዲቴክተሮቹን ብቃት ያስተካክላል። የባዶውን መያዣ ልኬት እንዳለ መቀነስ ግን ስህተት ነው። ናሙናው ለመያዣው ጥላ ስለሚሆን፣ ሳይታረም የተቀነሰው ከሚገባው በላይ ይሆናል።

ማግኔታዊውን ክፍል ለመለየት ብዙዎች በከፍተኛ ሙቀት የተለካውን ከዝቅተኛው ይቀንሳሉ። ነገር ግን ስፒኖቹ በሙቀት ቢዘበራረቁም ማግኔታዊ ብትኑ አይጠፋም፤ በሰፊው ይነጠፋል እንጂ። ስለዚህ ልዩነቱ አንዳንድ ቦታ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እባካችሁ ቋሚ ቁጥር ደምራችሁ ወደ ላይ አታንሱት፤ ሞዴላችሁም ያንኑ ልዩነት ያስላ።

ከዚህ የሚሻለው ፖላራይዝድ ኒውትሮን፣ ማለትም ስፒኑ በአንድ አቅጣጫ የተደረደረ ኒውትሮን፣ ነው። በ2009 የታተመው የሆልሚየም ታይታኔት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። እንደዚህ ባለ ስፒን አይስ (ስፒኖቹ በውኃ በረዶ ውስጥ ያሉትን ሃይድሮጅኖች በሚመስል ሕግ የሚደረደሩበት ቁስ) ውስጥ የሚጠበቁት፣ ብትኑ በአንድ ነጥብ ላይ ተጨምቆ የሚጠብባቸው ቅርጾች የኒውትሮኑ ስፒን በሚገለበጥበት ቻናል (ስፒናቸው የተገለበጠው ኒውትሮኖች ለብቻ በተቆጠሩበት ልኬት) ጥርት ብለው ወጡ። ቻናሎቹ ሲደመሩ ግን ይሸፈናሉ።

በሪቨርስ ሞንቴ ካርሎ (የሞዴሉን አተሞች በዘፈቀደ እያንቀሳቀሰ ከልኬቱ ጋር በሚያገጥም ስሌት) ስትተነትኑም ተጠንቀቁ፤ ፕሮግራሙ የዳራ ስህተትን የአተም መፈናቀል አስመስሎ ይገጥመዋል። ከተለያየ የዘፈቀደ መነሻ ደጋግማችሁ አስጀምሩት፤ ከለካችሁትም አንዱን የመበተን ፕሌን (ብትኑ የተለካበትን አንድ ጠፍጣፋ ገጽ) ሳትሰጡት አስቀሩና ሞዴሉ እሱን መተንበይ መቻሉን ፈትሹ።

አመሰግናለሁ።