ተቀባዩ ፒያኖ

እንደምን አመሻችሁ፣ ውድ አድማጮች። ይህን ክፍል የምቀዳው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ቤት ውስጥ ሆኜ ነው። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፤ ሆኖም በዚህ ሰዓት ወደ ማደሪያቸው የሚመለሱትን ወፎች ዝም ማሰኘት ስላልቻልኩ፣ ከንግግሬ መካከል ድምፃቸውን ብትሰሙ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ። ዛሬ የማወራችሁ አንድ ድምፃዊና አንድ ፒያኒስት ብቻቸውን ሆነው ስለሠሯቸው የጃዝ አልበሞች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ሙዚቃ የገባሁት በጨለማ ነው። ከዓመታት በፊት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ከአንድ አነስተኛ ባንድ ጋር እዘፍን ነበር። አንድ የክረምት ምሽት መብራት ጠፋና ኪቦርዱ፣ ቤዝ ጊታሩና ማይክሮፎኑ ባንድ አፍታ ዝም አሉ፤ ጄኔሬተሩም ነዳጅ አልነበረውም። በአዳራሹ ጥግ ከግድግዳ ተጠግቶ የቆመ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ የኖረ አሮጌ ፒያኖ ነበር። የሐይቁ እርጥበት እንጨቱን ስላሳበጠው አንዳንዶቹ ቁልፎች ከተጫኑ በኋላ ቶሎ አይመለሱም፤ የሚቃኘውም ባለሙያ ከአዲስ አበባ ነበር የሚጠራው፣ ማለትም አይጠራም ነበር። የኪቦርድ ተጫዋቻችን አበባውን አንሥቶ ሻማ አስቀመጠበትና መጫወት ጀመረ። ድራም መቺያችን በዚያ ጸጥታ ውስጥ መምታት ነውር መስሎ ስለታየው እንጨቶቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። እኔም ያለ ማይክሮፎን ለመሰማት ስል ፒያኖውን ተደግፌ ዘፈንኩ።

አበላሸሁት። ምት የሚጠብቅልኝ ስላልነበረ ፈጠንኩ፤ ፒያኖው ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ባዶው ስላስፈራኝ የስንኙን መጨረሻ እየጎተትኩ ሞላሁት። ዘፈኑ ሲያልቅ ወዳጄ ጎንበስ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ዝም ስል ጥዬህ የሄድኩ አይምሰልህ፤ እየሰማሁህ ነው» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት በፍላሽ ያመጣልኝ አልበሞች፣ ዛሬ ከማነሣቸው ውስጥ አብዛኞቹ ናቸው።

በአማርኛ ከድምፃዊ ጋር የሚጫወተውን ሰው «አጃቢ» እንለዋለን። አጃቢ ሙሽሮችን ተከትሎ የሚሄድ፣ የባለሥልጣንን መኪና ከፊትና ከኋላ የሚከብ ነው፤ ክብሩ በሙሉ ከሌላ ሰው የተዋሰው ነው። የሕዝብ ዘፈናችን ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አለው፦ አውጪና ተቀባይ። ተቀባይ የሌለው አውጪ ብዙ አይዘልቅም፤ የተቀባዩ ድምፅ ሲላላ አውጪው ራሱ ይደክማል፤ ሲጠብቅ ደግሞ ያላሰበውን ግጥም ያወጣል። በከተማችን የአዝማሪ ቤቶች እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር፣ አዝማሪው ያንኑ ስንኝ ተቀብሎ በዜማ አልብሶ ይመልስለታል። የተቀበለው ነገር እጁ ገብቶ ሲወጣ ሌላ ሆኖ ይወጣል። በእነዚህ አልበሞች ውስጥ ፒያኒስቱ የሚሠራውን ሥራ ለመሰየም እኔ ከዚህ የቀረበ ቃል አላገኘሁም።

ይህን ለመስማት ግን ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ ምክንያቱም ጆሮዬን ያሳደገው ማሲንቆ ነው። ባለ አንዱ አውታር ማሲንቆ ድምፅ የሚሄድበትን መንገድ ይሄዳል፤ አዝማሪው ዜማውን ከፍ ሲያደርግ ከፍ ይላል፣ ሲሰብረው ይሰብራል፣ አንዳንዴም ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ ያንኑ በራሱ ጌጥ ይደግመዋል። በዚህ የለመደ ጆሮ የጃዝ ፒያኖን ሲሰማ መጀመሪያ ግራ ይጋባል፤ ድምፃዊቱ የምትዘፍነውን ዜማ ፒያኖው አይናገረውም። እኔም ፒያኒስቱ ሌላ ነገር እየተጫወተ ዘፋኟን ሜዳ ላይ የተዋት ይመስለኝ ነበር።

ጆሮዬን የከፈተልኝ ፒያኒስቱ ኤሊስ ላርኪንስ ነው። የጃዝ ድምፃዊቷ ኤላ ፊትዝጄራልድ በ1950 ለዴካ የሸክላ ኩባንያ ከእሱ ጋር ስምንት የዜማ ደራሲውን የጆርጅ ገርሽዊንን ዘፈኖች በአንዲት አነስተኛ ሸክላ ቀዳች። ከዚያ በፊት አብዛኛውን ጊዜ የምትዘፍነው ከኦርኬስትራና ከኅብረ ድምፅ ቡድኖች ጋር ነበርና፣ በዚህች ሸክላ ላይ ድምፅዋ ካባውን አውልቆ በነጠላ የወጣ ያህል ነው። ላርኪንስ ደግሞ በጣም ቀስ ብሎ ይጫወታል። ቃሉን ጨርሳ እስክትተነፍስ ይጠብቅና ኮርዱን፣ ማለትም በአንድ ላይ የሚነኩትን ድምፆች፣ እትንፋሿ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዜማውን ስለማይደግምላት እሷ የቆመችበት መሬት ምን ዓይነት እንደሆነ ብቻ ይነግራታል። አንዱን ቃል ይዛ ስትቆይ ከሥሯ ኮርዱን ይለውጠዋል፤ ያኔ እሷ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ የቃሉ ስሜት ከደስታ ወደ ናፍቆት ይዞራል። በ1954 አሥራ ሁለት ዘፈኖችን ጨምረው ሠሩ። ለጀማሪ አድማጭ ከየት ልጀምር ብትሉኝ ያለ ማመንታት ከ1950ዋ ሸክላ ጀምሩ እላለሁ።

የዚያችው ኤላ ሌላ አልበም፣ በ1975 ከፒያኒስቱ ኦስካር ፒተርሰን ጋር የሠራችው፣ ብዙ ወዳጆች አሉት። በከፊሎቹ ዘፈኖች ሬይ ብራውን በቤዝ ይገባል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ አልመለስበትም፤ የፒተርሰን ጣቶች ብዙ የሚያውቁ ስለሆኑ ያወቁትን ሁሉ ይናገራሉ።

በዚያው ዓመት፣ በሰኔ ወር፣ ድምፃዊው ቶኒ ቤኔትና ፒያኒስቱ ቢል ኢቫንስ በካሊፎርኒያ በርክሊ ከተማ በሚገኘው የፋንታሲ ስቱዲዮ ተገናኙ። ቤኔት የብዙ ሺህ ሕዝብ አዳራሽ የለመደ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያሳርፍ ሰው ነበር፤ ኢቫንስ ደግሞ አንገቱን ወደ ቁልፎቹ ደፍቶ ለራሱ የሚያወራ የሚመስል። አልበሙን ያዘጋጀችው የኢቫንስ ሥራ አስኪያጅ ሔለን ኪን ስትሆን፣ የተቀዱት ዘጠኝ ዘፈኖች ናቸው። ከዘጠኙ ውስጥ በአንዱ ላይ ልቆይ።

ዘፈኑ «ሰም አዘር ታይም» ይባላል፤ «ሌላ ጊዜ» እንደ ማለት ነው፤ ሌናርድ በርንስታይን በ1944 ለአንድ የሙዚቃ ተውኔት የደረሰው የስንብት ዘፈን ነው። ኢቫንስ ይህን ዘፈን በ1958 ለመቅዳት ሲዘጋጅ፣ መግቢያ እንዲሆነው በግራ እጁ ሁለት ኮርዶችን ወዲህና ወዲያ ማወዛወዝ ጀመረ። መወዛወዙ ስለያዘው ዘፈኑን ትቶ በእነዚያው ሁለት ኮርዶች ላይ ሌላ ሙዚቃ ፈጠረ፤ ያም «ፒስ ፒስ» የተሰኘው የብቻው ሥራ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ከትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ጋር በተቀዳው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የመጨረሻ ክፍል ላይም ይኸው የኮርዶች መወዛወዝ ተመልሶ መጣ። እንግዲህ በ1975 ቤኔት አፉን ከፍቶ የመጀመሪያውን ቃል ሲዘፍን፣ ከሥሩ የሚወዛወዙት ሁለት ኮርዶች አሥራ ሰባት ዓመት ባለቤታቸውን እየተከተሉ የኖሩ ናቸው። ድምፁን ለማድመቅ የሚታወቀው ሰው በዚህ ዘፈን ላይ ዝቅ ብሎ፣ አንዳንዴም ሊነጋገር ምንም ሳይቀረው ይዘፍናል፤ ኢቫንስ የሰጠውን ጸጥታ ላለመስበር የሚጠነቀቅ ይመስለኛል። እዚህ ላይ አውጪው ኢቫንስ ነው፣ ተቀባዩም ቤኔት። ሚናው መቼ እንደተለዋወጠ ብዙ ጊዜ ደጋግሜ ብሰማውም ቦታውን በጣቴ ማመልከት አልቻልኩም። በ1976 ሁለተኛ አልበም ቀዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወጣ። ኢቫንስ በ1980 አረፈ።

ጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ያያችሁ እንደሆነ፣ መቅዘፊያው ከውኃው ወጥቶ ታንኳው ብቻውን የሚሄድበትን ቅጽበት ታውቁታላችሁ። ቀዛፊው በዚያች ቅጽበት ሥራ አልፈታም፤ የሚቀጥለውን ምት የት እንደሚያሳርፍ እየለካ ነው። እኔ በዚያ ምሽት ያላወቅሁት ይህንን ነበር።

ጠንከር ያለ ነገር ለሚፈልግ ድምፃዊቷ ጂን ሊ እና ፒያኒስቱ ራን ብሌክ አሉ። ሁለቱም ገና ወጣቶች ሳሉ በ1961 ቀድተው በ1962 ባወጡት አልበም ላይ፣ ብሌክ ዘፋኟን ምቹ ወንበር ላይ አያስቀምጣትም፤ ያልተጠበቀ፣ አንዳንዴም የሚጎረብጥ ኮርድ ይወረውርና ምን እንደምታደርግ ያያል። ሊም በዚያ እሾህ ላይ በባዶ እግሯ፣ ሳትቸኩል ትራመዳለች። መቀበል ሁልጊዜ መስማማት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ አልበም የተሻለ ማስረጃ የለኝም። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ድምፃዊቷ ሴሲል ማክሎሪን ሳልቫንትና ፒያኒስቱ ሰሊቫን ፎርትነር በ2018 «ዘ ዊንዶው» የተባለውን አውጥተዋል፤ ከፊሉ በኒው ዮርኩ የጃዝ ክለብ በቪሌጅ ቫንጋርድ በተመልካች ፊት የተቀዳ ነው፣ የግራሚ ሽልማትም አግኝቷል። ፎርትነር ጨዋታ ወዳድ ነው፤ ቀልዷን በቀልድ ይመልስላታል።

ጃዝ ባይሆንም አንድ የእኛን አልበም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ ከሐይቁ በስተሰሜን ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑት መነኩሲት፣ በዓለም የታወቁት በፒያኖ ድርሰታቸው ነው። በ1977 እና በ1985 መካከል አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ተቀምጠው፣ ራሳቸው እየዘፈኑና ራሳቸው ፒያኖ እየተጫወቱ በካሴት የቀዷቸው የአማርኛ ዘፈኖች በአልበም የወጡት ግን ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2024 ነው። በቅጂው ላይ ከመስኮታቸው ውጭ የወፎች ድምፅ ይሰማል። በጆሮዬ እንደምሰማው ፒያኖው ብዙ ጊዜ ድምፃቸውን እንደ ማሲንቆ ይከተላል፤ ላርኪንስ ለኤላ የሚተወውን ዓይነት ርቀት አይተውም። አንድ አካል ውስጥ ያሉ አውጪና ተቀባይ መጠባበቅ አያስፈልጋቸውም፤ ተንፍሰው የሚገናኙት ባንድ ደረት ነውና። በማሲንቆና በጃዝ ፒያኖ መካከል የነበረብኝን ግራ መጋባት የፈታልኝ ይህ አልበም ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ያ መጠባበቅ ራሱ ሙዚቃ እንደሚሆን የገባኝ አንድ ሰው ብቻውን ሲያደርገው ከሰማሁ በኋላ ነው።

የዚያን ምሽት ነገር አልጨረስኩላችሁም። ሁለተኛውን ዘፈን ከመጀመሪያው በተሻለ ዘፈንኩ፤ ቢያንስ አልጎተትኩም። ሦስተኛው ትዝታ ነበር። ወዳጄ መግቢያውን ሲጫወት እጁን አየሁ፤ ሲያቆም አቆምኩ፣ እሱም እኔ ስተነፍስ ጠበቀኝ፤ ከሻማው ማዶ ያሉትን እንግዶች ፊት ማየት ስላልቻልኩ የምዘፍነው ለእሱ ብቻ ነበር። ሁለተኛው አዝማች ላይ መብራቱ መጣ። የአምፕሊፋየሩ ጩኸት አዳራሹን ሞላው፤ ቤዝ ተጫዋቹም ጊታሩን ታጥቆ ለመግባት ወደ ፒያኖው ተመለከተ። ወዳጄ ቀና አላለም። ግራ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ ቆይ አለው፤ በቀኙ ደግሞ እኔ የተውኩትን ድምፅ ነካው።