የዋልታ ዓሣ ጉበት መርዝን የሚያስወግደው እንዴት ነው?

[ምስል፦ ከበረዶ ሥር የሚዋኝ ዓሣ]
የአንታርክቲካ ባሕር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ የሚረጋው ከዜሮ በታች ወደ 1.9 ዲግሪ ሲወርድ ነው። እዚያ የሚኖር ዓሣ ሰውነቱም የውሃውን ያህል ይቀዘቅዛል፤ ጉበቱ ግን ሥራ አይፈታም።

[ምስል፦ የአንቨርስ ደሴት ካርታ]
እ.ኤ.አ. በ1989 ባሂያ ፓራይሶ የተባለችው የአርጀንቲና መርከብ አንታርክቲካ ባለው አንቨርስ ደሴት አጠገብ አደጋ ደርሶባት ነዳጇ ባሕሩ ውስጥ ፈሰሰ። ነዳጅ ውስጥ ያሉ፣ ስብ ውስጥ የሚሟሙ ውህዶች በስንጥብና በምግብ በኩል ወደ ዓሣ ይገባሉ።

[ምስል፦ የጉበት ሴል]
ሴሉ ውስጥ አንድ ተቀባይ ፕሮቲን ውህዱን ይዞ ወደ ኒውክለስ ይገባና ሲዋይፒ1ኤ የተባለው ኢንዛይም በብዛት እንዲመረት ያደርጋል። ኢንዛይሙ ውህዱ ላይ ኦክስጅን ይጨምርበታል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ነዳጅ ውስጥ ካሉት ውህዶች አንዱን፣ ቤንዞፓይሪንን፣ ብንወስድ፣ በዚህ መንገድ ከሚወጡት ውህዶች አንዱ ዲኤንኤ ላይ ስለሚጣበቅ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ሁለተኛው የማስወገጃ ዙር ካልዘገየ ግን ሴሉ የሚያመርተው ግሉታታዮን ወይም ግሉኩሮኒክ አሲድ ይለጠፍበትና በውሃ የሚሟማ ሆኖ በሐሞት ይወጣል።

[ምስል፦ ቤተ ሙከራ]
ዓሣው ለብክለት መጋለጡን ለማወቅ ጉበቱ ውስጥ ያለው ሲዋይፒ1ኤ ምን ያህል እንደሚሠራ ይለካል። ልኬቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና ከጅምሩ ነው። ጉበቱ ወዲያው ወጥቶ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መግባት አለበት፤ ሲወጣ የሐሞት ከረጢቱ ከተቀደደ ሐሞቱ ናሙናውን ያበላሸዋል። ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ጉበትም አይታመንም፤ በብርሃን ሲመረመር 450 ናኖሜትር ላይ መታየት የነበረበት የኢንዛይሙ ምልክት ወደ 420 ይሸሻል፤ ኢንዛይሙ ሞቷል ማለት ነው።

ጉበቱ በረዶ ላይ እንዳለ ይፈጭና በ10,000 ጂ (የመሬት ስበት 10,000 እጥፍ በሆነ ኃይል) ለ20 ደቂቃ ይሽከረከራል። ላይ የሰፈፈው ስብ ይገፈፋል፤ በሰሜን ዋልታ የሚኖረው የአርክቲክ ኮድ የተባለው ዓሣ ጉበት ስቡ ብዙ ነውና ይህን መዝለል አያዋጣም። የቀረው ፈሳሽ በ100,000 ጂ ለ1 ሰዓት ሲሽከረከር ታች የሚዘቅጠው ማይክሮዞም (የሴል ውስጥ ሽፋን ስብርባሪ) ነው፤ ኢንዛይሙም ያለው እሱ ላይ ነው። ኢንዛይሙ የሚለውጠው ኤቶክሲሬዞሩፊንና ለሥራው ኤሌክትሮን የሚሰጠው ኤንኤዲፒኤች ሲጨመርበት የሚያበራ ሬዞሩፊን ይወጣል። ብርሃኑ በየደቂቃው የሚጨምርበት መጠን ይመዘገባል፤ የኢንዛይሙን ሥራ የሚያሳየው እሱ ነው።

[ምስል፦ የሙቀት መጠን ግራፍ]
ለሞቃት ውሃ ዓሣ የተዘጋጀን መመሪያ እንዳለ ገልብጦ በ30 ዲግሪ መለካት ትልቅ ስህተት ነው፤ ቅዝቃዜ የለመደ ኢንዛይም በልኬቱ መሃል ሊፈራርስ ይችላል። መጀመሪያ በተለያዩ ሙቀቶች ሞክሮ አንዱን መምረጥ፣ ከዚያም ለሁሉም ናሙና እሱኑ መጠቀም ይሻላል። በ0 ዲግሪ የተለካን በ20 ከተለካ ጋር ማነጻጸር ትርጉም የለውም።

[ምስል፦ እንቁላል ያዘለች ዓሣ]
ጾታም መመዝገብ አለበት። እንቁላል ልትጥል በተቃረበች ሴት ዓሣ ውስጥ ኢስትራዲዮል የተባለው የሴት ሆርሞን ሲዋይፒ1ኤን ያፍነዋል፤ የተበከለ ውሃ ውስጥ እየኖረች የልኬት ቁጥሯ የንጹሕ ባሕር ዓሣ ሊያስመስላት ይችላል።