አሮጌው ዕቃ የኔ ነው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ ጋራዥ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ እንደምን አደራችሁ። እሁድ ጠዋት ስብሰባ የሚመጣ የታክሲ ባለቤት ብርቅ ነው። ግማሾቻችሁ የመጣችሁት ግን መኪናችሁ ጋራዥ ስለተኛች መሆኑን አውቃለሁ። ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስንት እሁድ እንደዛ መጥቻለሁ።

ሊቀመንበራችን «ስለ አገልግሎት ጥራት ትንሽ ተናገርልን» ብሎኝ ተዘጋጅቻለሁ። ወረቀቴ ላይ ስለ መስመር ታፔላ አለ፣ ስለ ረዳቶች ጠባይ አለ፣ ስለ ቁጠባችንም አለ። እደርስባቸዋለሁ። በፊት ግን ስለ መካኒክ ልናገር። ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ እንፋሎት እየተፋ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ የቱንም ያህል ትሁት ቢሆን፣ ተሳፋሪው ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ተራግሞ ነው የሚወርደው።

የኔን መኪና ታውቋታላችሁ። 5ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያላት ሚኒባስ ናት። ብዙዎቻችን ልጅ ያስተማርነው በዚህ ሞተር ነው። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፣ ዘይቱንና ውሃውን ከጠበቅህለት ሰው የማያስቸግር ሞተር። ይቺው መኪና ዳገት ላይ መሞቅ ጀመረች። ሜዳ ላይ ሰላም ናት። ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ ስትወጣ ግን የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ይሄዳል። ወሰድኳት። ጋራዡን ስሙን አልጠራም፣ እዚህ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት መጥራትም አያስፈልገኝም።

ልጁ ኮፈኑን ከፈተ። አየት አደረገና «ቴርሞስታት ነው» አለኝ። በምን ለካህ? በምንም። «አውልቀን እንጥለዋለን ጋሼ፣ እዚህ አገር አያስፈልግም፣ ለፈረንጅ ብርድ ነው የተሠራው።» ይቺን አባባል ያልሰማ አለ? የለም። በየጋራዡ እንደ ጸሎት ነው የሚደግሟት። ብዙ የቶዮታ ሞተር ላይ እኮ ቴርሞስታት ሥራው ሁለት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ ራዲያተር ሳይደርስ የሚመለስበትን አቋራጭ ደግሞ ይዘጋል። አውልቀህ ስትጥለው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ እንደሞቀ ይመለሳል። ዳገት ላይ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ባሰባትም።

ተመለስኩ። «እንግዲያው ራዲያተሩ ተደፍኗል።» ታጠበ፣ ከፈልኩ። አሁንም ትሞቃለች። «ጋሼ፣ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል።» በሞተሩና በቴስታታው፣ ማለትም በሞተሩ ራስ፣ መካከል ያለችው ማሸጊያ ማለቱ ነው። ቴስታታው ወረደ። ሞተሩ እንኳ እስኪበርድ አልጠበቁም። ቴስታታው ተጣሟል ወይ ብሎ ብረት የሚላጥበት ቶርኖ ቤት የወሰደው የለም። ሲገጠም ደግሞ ቆሜ አየሁ። የቴስታታ ቡሎን ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ ፋብሪካው ባስቀመጠው ልክ ነው የሚጠብቀው። ልጁ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ፣ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ በጉልበቱ ልክ። ዋናው መካኒክ የት ነው? ስልክ ላይ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፣ እኛ ግን ሙሉውን ሒሳብ እንከፍልበታለን። ያልገጠመውን ቦታ በሲሊኮን ለቀለቁት።

ብዙም ሳይቆይ ዘይቱ ነጣ። ውሃ ገብቶበታል። ሄድኩና፣

«አሮጌው ጓርኒሲዮን የታለ?» አልኩ።

«ጣልነው ጋሼ።»

«ቴርሞስታቱስ?»

«እሱንም ጣልነው።»

«ታዲያ መቃጠሉን በምን ላውቅ ነው?»

«ጋሼ፣ እኛን አያምኑንም እንዴ?»

አላምንህም! ይሄን ዛሬ በማይክ ልናገረው። አላምንህም፣ ማመንም የለብኝም። ዕቃው የኔ ነው። በኔ ገንዘብ የተገዛ፣ ከኔ መኪና የወጣ፣ ተቃጠለም ተሰበረም የኔ ንብረት ነው። ያሳየኝ የነቀለው፣ ይናገር የጣለው!

በመጨረሻ መኪናዋን ያዳናት አንድ ሽማግሌ ሞተሪስታ ነው። ምንም ሳይፈታ መጀመሪያ የጠየቀኝ የራዲያተሩን ክዳን ነበር። ጎማዋ ደርቃ ተሰንጥቃለች። «ይቺ ናት» አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንጦጦ ስትወጣ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ክዳኗ ግፊቱን አፍና ስትይዝ ግን የመፍያው ዲግሪ ከ100 በላይ ይወጣል። ካልያዘች ዳገት ላይ ውሃው ይፈላል፣ ይተፋል፣ ይጎድላል። ይኸው ነው። ክዳኗ በዚያ ሁሉ ጣጣ ውስጥ ከተገዛው ዕቃ ሁሉ የረከሰችው ናት። የተጣመመውን ቴስታታ ለማስላጥ፣ ጓርኒሲዮኑን እንደገና ለመቀየር፣ ቴርሞስታቱን ለመመለስ ያወጣሁትን ግን እዚህ ብናገር ባለቤቴ ትሰማለች።

አሁን ወደመጣሁበት ነገር ልግባ። ያ ሽማግሌ ስንት ልክፈል ብለው «ላየሁበት የፈለግከውን ስጠኝ» አለኝ። ላየበት! ማናችን ነን መካኒክ ስላየ ብቻ የከፈልን? እስቲ እጅ አውጡ። አያችሁ? አንከፍልም። የምንከፍለው ለነቀለበት ነው፣ ለቀየረበት ነው። እንግዲህ ያ ልጅ ምን ያድርግ? ክዳኗን አይቶ «ይቺን ቀይር» ቢለኝ አመስግኜ እሄድ ነበር። ቴስታታ ቢያወርድ ግን የጉልበት ዋጋ ያገኛል፣ ዕቃ ቤቱም ኮሚሽን ይሰጠዋል። ተክለ ሃይማኖት ዕቃ ልንገዛ አብሮን የሚሄደው ለኛ አዝኖ ይመስላችኋል? ገበያውን እንዲህ አድርገን ያቆየነው አብረን ነው። ካላየ አይንቀል፣ ካየ ደግሞ ይከፈለው።

እናንተ ጋራዥ ያላችሁ፣ ፊታችሁን አታጥቁሩብኝ። ጎበዞቻችሁን እናውቃለን፣ ቀጠሮም ለምነን ነው የምናገኘው። ያን ሰው ጠዋት ሰጥተነው ከሰዓት «አለቀ ወይ?» እያልን እንደምንጨቀጭቀውም አይጠፋኝም። ግን ስታጠፉ ሁለተኛውን ጥገና በኛ ሒሳብ መሥራታችሁን ተዉ! ያበላሸኸውን ደግመህ ስትሠራ ጉልበቱ ያንተ ነው፣ ያቃጠልከው ጓርኒሲዮንም ያንተ ነው። ይሄን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሥራ ተቋራጭ ውጤቱን የሚያስገኘው በራሱ ኃላፊነት ነው ይላል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁም አለ፣ ቁጥር 813/2006፣ ሸማቹ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። ችግሩ ማስረጃ የለንም። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልዎ» ሲሉን ደስ ይለናል። ከዚያ ሲበላሽ በምን ልትከሰው ነው? በቀነሰልህ?

ስለ ፍሬን አንድ ነገር ብቻ ልበል። የሞተር ስህተት ገንዘብ ይበላል። የፍሬን ሸራ ቀይሮ ከፍሬን መስመሩ አየሩን ሳያስወጣ መኪና የሚያስረክብ ሰው ግን ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል 12 ሰው ይዤ ስወርድ ፔዳሉ ወለል ሲነካ አብሮኝ የለም። እንዲህ ያለ ስህተት አንድ ጊዜ የሠራ ሰው ጋ ማናችንም መሄድ የለብንም። ማናችንም!

ደግሞ መኪናውን ሸጬ ሌላ እገዛለሁ የምትሉ አላችሁ። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካለ ወዲህ የአሮጌው ዋጋ የት እንደደረሰ ታያላችሁ። ያለንን ሞተር ማቆየት ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ይሄ ነው። ማኅበሩ ከጋራዦች ጋር ተስማምቶ የምርመራ ዋጋ ይቁረጥ። ምንም ባይቀየርም ይከፈል። ምን እንዳገኘና በምን ለክቶ እንዳገኘው በወረቀት ይጻፍ፣ ይፈረም። ሳይጻፍ ቡሎን አይፈታ። የወጣው ዕቃ ሁሉ በፌስታል ታስሮ መኪናው ውስጥ ይቀመጥልን። ወስደን ሶማሌ ተራ ብንሸጠውም የኛ ጉዳይ ነው። በዚህ የማይስማማ ጋራዥ በክብር ይሰናበት።

ታፔላውን በተመለከተ፣ ደብዝዞ የማይነበብ ታፔላ ያላችሁ አስቀይሩ። ረዳቶቻችሁን ስለ መልስ አጥብቃችሁ ተናገሩ። የቁጠባውን ነገር ሒሳብ ሹማችን ከኔ አሳምሮ ያስረዳችኋል፣ እሱ ቁጥር ላይ ጎበዝ ነው።

ጸሐፊያችን የስምምነት ወረቀቱን አባዝቶ ይዟል፣ አሁን ያዞራል። ጋራዥ ያላችሁም ውሰዱ። ዛሬ መፈረም የምትፈልጉ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ተሰለፉ፣ የምትቃወሙ ደግሞ ማይኩ ይኸው፣ ኑና ተናገሩ።