ዕድር ለሕያው

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም የማወራችሁ ከቡራዩ፣ ከአሸዋ ሜዳ ነው። ከጀርባዬ የምትሰሙት የጎረቤቴ የብረታ ብረት ሥራ ነው። መብራት የመጣው አሁን ስለሆነ እሱም እኔም ዕድሉን መጠቀማችን ነው፤ ታገሡን።

በእኛ አካባቢ ስለ ዘረኝነት ትግል ወሬ ከተነሳ ሁለት ነገር ሳይጠቀስ አያልፍም። አንዱ ዐድዋ ነው። ሌላው ማንዴላ። ታክሲው ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ አጠገብ ሲደርስ «ማንዴላ እኮ እዚህ ነው የሠለጠነው» የሚል ሰው አይታጣም። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ማንዴላ እዚያ ውትድርና ተምሯል። ሥልጠናው ለስድስት ወር ታስቦ ነበር፤ ሁለት ወር ገደማ እንደቆየ የትግል ድርጅቱ ኤ.ኤን.ሲ. ጠራው፣ አገሩ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ተያዘ። ሁለቱንም ታሪክ እንወዳቸዋለን። ለምን እንደምንወዳቸውም አውቃለሁ፦ በሁለቱም እኛ ሰጪዎች ነን።

በታክሲ ውስጥ የማይነሳ ሦስተኛ ታሪክ አለ። በ2004 ዓ.ም. ቤይሩት ውስጥ፣ በገዛ ቆንስላችን ደጃፍ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትከተት የሚያሳይ ምስል በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ሳምንታት ሳይቆይ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። የሁለት ልጆች እናት ነበረች። የሄደችውም ከዚሁ ከቡራዩ ነበር። ስሟን አላነሳም።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ክፉ አሠሪ ገጠማት» ብሎ አለፈ። ነገሩ ግን የአንድ ክፉ ሰው ጉዳይ አይደለም። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኛን ለይቶ አስቀርቷል። ካፋላ በሚባለው አሠራር ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ቤቱን ጥላ ከወጣች በዚያው ቅጽበት ሕገ ወጥ ትሆናለች። ደመወዙም በዜግነት ይተመናል፦ ፊሊፒናዊቷ ይህን ያህል፣ ኢትዮጵያዊቷ ከዚያ ያነሰ፤ ሥራው ግን ያው ነው። መንግሥታችን በ2000 ዓ.ም. ወደ ሊባኖስ ለሥራ መሄድን ከለከለ፤ ልጆቹ በሌላ አገር በኩል ዞረው ሄዱ። ክልከላው የጠቀመው ደላላውን ነው።

ያን አሠራር ፊት ለፊት የተጋፈጡት ወጣቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጥቂት ወጣት ሊባኖሳውያን ከስደተኛ ሠራተኞች ጋር ሆነው የፀረ ዘረኝነት ንቅናቄን መሠረቱ። የቤት ሠራተኞችን ከደጅ የሚመልሱ የባሕር ዳርቻ መዝናኛዎችን አጋለጡ፤ ሠራተኞቹ በዕረፍት ቀናቸው ተሰብስበው ቋንቋ የሚማሩበት ማዕከልም ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የእኛዎቹ ልጆች ራሳቸው «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ የአገሩ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቆንስላው በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ፣ አስቤዛ ሲያከፋፍሉና የቤት ኪራይ ሲከፍሉ ከነበሩት መካከል እነሱ ይገኙበታል። ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች እንደነበሩ ልብ በሉ። ካፋላ ይወገድ ብሎ የሚጮኸውና ሩዝ የሚያድለው አንድ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ትግል ስንሰማ የሚታየን ሰልፍና ንግግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በመጋቢት ወር፣ በአሜሪካ አላባማ፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ ክሎዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ በአውቶቡስ ውስጥ ወንበሯን ለነጭ አለቅም ብላ ታሰረች፤ በዚሁ እምቢታ ስሟ የገነነው ሮዛ ፓርክስ ከመታሰሯ ዘጠኝ ወር በፊት። በታኅሣሥ፣ ፓርክስ ስትታሰር፣ ጥቁሩ ሕዝብ አውቶቡስ መሳፈር አቆመ፣ ለ381 ቀን። ለመሆኑ ከአንድ ዓመት በላይ ሰው እንዴት ሥራው ደረሰ? ብዙው በእግሩ ሄደ፤ ሌላውን በመቶ የሚቆጠሩ መኪናዎች በተራ አመላለሱት። የአገሬው ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ውል ሲያፈርሱ ዋስትናው ከለንደን ተገዛ። ቤንዚኑስ? ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ምግብ አብሳይ ሴቶችን አስተባብራ ሳንድዊችና ኬክ እየሸጠች ገንዘቡን በየሳምንቱ ለአድማው ስብሰባ ታስረክብ ነበር። ከሴቶቹ ብዙዎቹ በነጮች ቤት ሠራተኞች ስለነበሩ ስማቸው ከታወቀ እንጀራቸው ይቋረጣል፤ ማን እንደሰጠ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እሷ ራሷ በፍርድ ቤት ስለመሰከረች ከሥራዋ ተባርራለች። ኮልቪን ደግሞ በአውቶቡስ ውስጥ መለያየትን ሕገ ወጥ ባሰኘው ክስ ከከሳሾቹ አንዷ ሆነች።

እኔን የሚያስቀናኝ የጊልሞር ወጥ ቤት ነው። እንዲያውም ቅናት ሊሆንብኝ አይገባም፤ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ወርኃዊ መዋጮው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ሁሉም ከእኛ ዘንድ አሉ። ጥሩምባ ሲነፋ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። አንድ ችግር ብቻ አለ፦ ዕድራችን የሚያውቀን ከሞትን በኋላ ነው። ከአረብ አገር ሬሳ ሲመጣ ለመቀበል ማንም አይቀድመንም። ልጅቷ በሕይወት ሳለች ስትደውል ግን የእናቷ የግል ጉዳይ ነው።

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ የሰፈራችን ወጣቶች ይህንኑ አነሱ። ለሥራ ወደ ውጭ የምትሄድ ልጅ ሁሉ ከመሄዷ በፊት በዕድሩ መዝገብ ትጻፍ አሉ፦ የፓስፖርቷ ቅጂ፣ የደላላው ስምና ስልክ፣ የአሠሪዋ አድራሻ፣ የውሏ ፎቶ። አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ፤ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው እሱ ነው። ማዳሟ አጠገቧ ቆማ ስታዳምጥ ችግሯን የምትነግርበት ምልክት። «ላሚቱ ወለደች ወይ?» ብላ ከጠየቀች እዚህ ያለው ሰው ይገባዋል።

የዕድሩ ዳኛ አልወደዱትም። «ልጆቼ፣ ይህ ዕድር የተቋቋመው ሰው በወግ እንዲቀበር ነው። ዛሬ የአውሮፕላን ቲኬት ከከፈልን ነገ ሠርግ ደግሱ ትሉናላችሁ» አሉ። አንዲት ከቤይሩት የተመለሰች ልጅ ተነሳች። «አባባ፣ ሳጥን ከማምጣት ሰው ማምጣት ይረክሳል፤ እኔ የሁለቱንም ዋጋ አውቃለሁ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ የለም።

መዝገቡን በእጁ የሚይዘው ከጋምቤላ የመጣ የነርስ ተማሪ ነው፤ ጽሕፈቱ ያምራል፣ ቁጥር አይስትም። ይህ ልጅ እዚህ ሰፈር ቤት ሲፈልግ ስንት አከራይ መልኩን እያየ «ተይዟል» እንዳለው እኔም የሰፈሩ ሰውም እናውቃለን። ባርነት በዚህ አገር በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ አያቶቻችን የሚያስታውሱት ዘመን ነው። ልጆቻችን በቤይሩት ባሕር ዳርቻ ከበር ሲመለሱ ደማችን ይፈላል። በግቢያችን በር ላይ ስንመልስ ግን ስም እንኳ አናወጣለትም። ወጣቶቹ ይህንንም በስብሰባው ሊያነሱ አስበው ነበር፤ «አንድ ጠብ በአንድ ጊዜ ይበቃናል» ብሎ ያስቀራቸው ራሱ ተማሪው ነው። እኔ ቢያነሱት ይሻል ነበር እላለሁ። እሱ ግን ቤት የሚከራየው እዚሁ ነው።

ስብሰባው መዝገቡን ተቀበለ፤ ለፎቶ ኮፒና ለስልክ የሚሆን ትንሽ ገንዘብም ፈቀደ። ልጅ ስትቸገር የሚከፈለው የአደጋ ጊዜ ገንዘብ ግን ደንቡ ተሻሽሎ ይቅረብ ተብሎ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ተላልፏል። ረቂቁን ወጣቶቹ እየጻፉ ነው፤ የተጨቃጨቁበትም አንድ አንቀጽ አለ፦ ቤተሰቧ የዕድሩ አባል ያልሆነ ልጅ ትረዳ ወይስ አትረዳ? ገንዘብ ያዣችን መዋጮ ላልከፈለ ከተሰጠ ካዝናው ባዶ ይሆናል ባይ ናቸው፤ ሒሳባቸው ስሕተት የለበትም። እኔ ግን ትረዳ ባይ ነኝ። ከዚህ ሰፈር ከሚሄዱት ብዙዎቹ የተከራይ ልጆች ናቸው፤ ተከራይ ደግሞ ዕድር ውስጥ ሥር ሳይሰድ ይለቃል። እነሱን ትቶ የሚዘረጋ መዝገብ ከሚሄዱት እኩሌታውን አያውቃቸውም። በስብሰባው ቀን እጄን አወጣለሁ፤ የሚሆነውን እነግራችኋለሁ። ደኅና ሰንብቱ።