ስንጠቃ ለምን እርስ በርሳችን እንደባበቃለን?

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲዎች የአይቲ ማኅበራችን አባላትና እንግዶች፣ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ። አዘጋጅ ኮሚቴውን፣ አዳራሹን የፈቀደልንን ዩኒቨርሲቲና ከሩቅ የመጣችሁትን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። የሥራ ሪፖርቱ በእጃችሁ ስለሆነ አላነብላችሁም። ባጭሩ፣ የሶፍትዌር ፈቃድ በጋራ ተደራድረን መግዛት ጀምረናል። ኤዱሮም የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ዋይፋይ ያልነበራቸው አባላት ገብተውበታል፤ አሁን ተማሪያቸው ሌላ ግቢ ሄዶ በራሱ ፓስወርድ ዋይፋይ ያገኛል። ወጣት የሲስተም ባለሙያዎች ሠልጥነዋል። ይህ ሁሉ የተሠራው በጣም በትንሽ ገንዘብ ነው፣ እኮራበታለሁ። መዋጮ ስላልከፈሉት ገንዘብ ያዣችን ይናገራሉ።

የተሸከምነውን ታውቁታላችሁ። ሲጠይቁት መልስ የሚጽፈው ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከወጣ ወዲህ መምህራን «ፈተናውን ምን እናድርገው?» እያሉ የሚመጡት ወደ እኛ ቢሮ ነው፣ ጥያቄው የሥርዓተ ትምህርት ሆኖ ሳለ። ጎግል ለትምህርት ተቋማት ይሰጥ የነበረውን ገደብ የለሽ ማከማቻ አስቀርቶ መነሻውን በየተቋሙ 100 ቴራባይት ሲያደርገው፣ በነፃው ላይ ተማምነን የቆየን ሰዎች የማን ፋይል ይጥፋ የሚል ጭቅጭቅ ውስጥ ገባን። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ በየላብራቶሪው ግን ከመሣሪያ ጋር የተገናኙ፣ ማንም ሊነካቸው የማይደፍር ኮምፒውተሮች ዛሬም በእሱ ይሠራሉ። እያንዳንዱ የራሱ ውይይት አለው፣ ፕሮግራሙ ላይ ታገኙታላችሁ።

እኔን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ጉባኤ የኮምፒውተር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ እንዲቋቋም ተስማማን። የተጠቃ አባል በ72 ሰዓት ውስጥ ስድስት መስመር ይጽፋል፤ ምን መጣ፣ ከየት መጣ፣ በየት በኩል ገባ፣ ምን ነካ፣ ምን አስቆመው፣ ሌሎቻችን ምን እንፈትሽ። ያኔ ሁላችንም እጅ አወጣን። ሰሌዳው ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ጥቃት ስለጠፋ አይደለም። ስልኬ ይደውላል፣ «ለእርስዎ ብቻ ነው የምነግርዎት፣ ከዚህ እንዳያልፍ አደራ» ይሉኛል። አንድ ምሳሌ ልስጥ፣ ስም አልጠራም። «የኢሜይል ሳጥንዎ ሊሞላ ነው፣ እዚህ ገብተው ያድሱ» የሚል መልእክት ለአንዱ አባላችን ሠራተኞች ደረሰ። ሊንኩ የሚወስደው የዩኒቨርሲቲውን መግቢያ ቁርጥ ወደሚመስል ገጽ ነው። ባለሙያዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አድራሻውን ዘግተው፣ የተሰረቁትን ፓስወርዶች ለውጠው ጨረሱ። ከዚያ ዝም አሉ። በቀጣዩ ሳምንት ያው ኢሜይል፣ ያው ገጽ፣ አርማው ብቻ ተቀይሮ ሌላ አባላችን ጋ ደረሰ። እዚያ ማንም አላስቆመውም። የሬጅስትራር ሲስተሙ ውጤት በሚገባበት ሳምንት ተዘጋ፣ የሚመረቁ ተማሪዎች ኮሪደር ላይ ተሰልፈው ዋሉ። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ አንድ መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ!

ምክንያታችሁን ሰምቻለሁ። የሕግ ክፍሉ አትጻፉ ይላል። የሕዝብ ግንኙነቱ ስማችን ይጎዳል ይላል። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ቦርዱ ምን ይለኛል ብለው ይጨነቃሉ። ይገባኛል፣ እኔም በዚያው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው።

ግን የኔዘርላንድሱን የማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ ተመልከቱ። በኦክቶበር 2019 ሠራተኞች የማጥመጃ ኢሜይል ከፈቱ። ሰርጎ ገቦቹ ሁለት ወር ያህል በኔትወርኩ ውስጥ ሲዘዋወሩ ቆይተው፣ ለገና ዕረፍት ሲዘጋ ዲሴምበር 23 ማታ 267 ሰርቨሮችን ቆለፉ። ከባክአፑም፣ ማለትም ከመጠባበቂያ ቅጂው፣ ከኔትወርኩ ጋር የተያያዘው አብሮ ተቆለፈ። ዩኒቨርሲቲው የተቆለፈውን ለማስከፈት 30 ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ፣ ያኔ ወደ 200 ሺህ ዩሮ የሚጠጋ፣ ለሰርጎ ገቦቹ ከፈለ። መክፈል ነበረበት ወይ የሚለው ሊያከራክረን ይችላል። ቀጥሎ ያደረገው ግን አያከራክርም። በፌብሩዋሪ 2020 ሰው ሰብስቦ የምርመራ ሪፖርቱን አወጣ፤ የትኛው ሰርቨር ማሻሻያ እንዳልተጫነበት፣ ባክአፑ ለምን እንዳላዳነው ሳይቀር ተናገረ። ዩኒቨርሲቲው ዛሬም አለ፣ ተማሪም አልሸሸውም። ከእኛም መካከል ያንን ሪፖርት አንብቦ አንድ ባክአፕ ከኔትወርክ ነቅሎ ማስቀመጥ የጀመረ አለ።

የጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲም በዲሴምበር 2021 ባክአፕ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም (ስክሪፕት) ሲሻሻል በተፈጠረ ስህተት ከሱፐር ኮምፒውተሩ 77 ቴራባይት ገደማ የምርምር ዳታ ጠፋበት። የስንት ቡድን ሥራ እንደተነካ፣ የትኛው እንደማይመለስ ሳይቀር ለሕዝብ ነገረ። የማያውቁን ሰዎች ይህን ያህል ከነገሩን፣ እኛ በየዓመቱ አብረን የምንቀመጥ ሰዎች ስድስት መስመር እንዴት ያቅተናል?

ከሰዓት በኋላ ለውሳኔ የሚቀርበው ሐሳብ ፍርሃታችሁን ያገናዘበ ነው። ሪፖርቱ ለጽሕፈት ቤቱ ይደርሳል፣ የተቋሙ ስም ይወጣና በዚያው ቀን ለሁሉም ይላካል። የተማሪ ስምም ሆነ የጠፋው ገንዘብ መጠን አይጻፍበትም። «ያልጻፈ ማስጠንቀቂያውም አይድረሰው» የሚል ሐሳብ ከአንዳንዶቻችሁ ቀርቧል። ንዴቱ ይገባኛል፣ ግን አልደግፈውም። ዳይሬክተሩን እንቀጣለን ብለን ምንም የማያውቀውን ተማሪ ነው የምንጎዳው።

አሁን የምናገረው በፊት ወንበሮች ላይ ስማቸው ተለጥፎ ላልመጡት ነው። ከእነሱ መካከል በዚህ ዓመት ሌሊት ደውለውልኝ፣ የሌላውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ያገናኘኋቸው አሉ። ያ ልጅ እስኪነጋ አብሯቸው ሠርቷል፣ ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። እነሱ ግን ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል አልጻፉም፣ ዛሬም የሉም። በጣም ነው ያዘንኩት። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፤ ያልበዛበት ማን አለ?

እነሱን ወክላችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፣ ድምፅ የመስጠት ሥልጣን እንዳልተሰጣችሁ አውቃለሁ። በሻይ ሰዓት ደውሉላቸው። እኔ እንዳስደወልኳችሁ ንገሯቸው። ውክልናውን በጽሑፍ እስከ ምሳ ሰዓት ከላኩ ጽሕፈት ቤቱ ይቀበላል፣ ድምፅ የምንሰጠው ከምሳ እንደተመለስን ነው።