ሎሚ ይዞ ዓባይ በረሃ መውረድ

ሄኖክ፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ሥነ ምድር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዴት ይሰጣል የሚል ነው። ማህሌት ጂኦሎጂ ስላጠናች ዛሬ እኔ ጠያቂ ነኝ። እሺ ማሂ፣ ተማሪዎቻችን...

ማህሌት፦ ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ የእህቴን ልጅ ነገር ላውራህ።

ሄኖክ፦ ደብረ ማርቆስ ይዘሽው የሄድሽውን?

ማህሌት፦ እሱን። አሥረኛ ክፍል ነው፣ በጣም ጎበዝ ልጅ ነው። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ዓባይ በረሃን መውረድ ስንጀምር "የኢትዮጵያን አለቶች ተምራችኋል?" አልኩት። አንበለበለዋ! የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ባዛልት። አንድም አልሳተም። "በል አሳየኝ" ስለው "ምኑን?" አለኝ።

ሄኖክ፦ ምኑን? (ሳቅ)

ማህሌት፦ በላዩ ላይ እየሄድን እኮ ነው! ሾፌሩን ለምኜ ዳር አስቆምኩትና ወረድን። ከላይ ጥቁሩ ገደል ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ መሬት ተሰነጣጥቃ የፈሰሰ ገሞራ። ወረድ ስትል አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጂፕሰም፣ ድልድዩ አካባቢ ደግሞ ቀላ ያለው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ። ልጁ በቃሉ የሸመደደው ሁሉ እዚያ ቆሟል።

ሄኖክ፦ የኖራ ድንጋዩ ከባሕር ነው የሚባለው እውነት ነው?

ማህሌት፦ እውነት ነው! ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ ገብቶ ያንን አገር ሸፍኖት ነበር። የዛጎል ቅሪተ አካል ታገኝበታለህ። ልጁ ግን አላመነኝም። ቦርሳዬ ውስጥ ሎሚ ነበረኝ።

ሄኖክ፦ ሎሚ?

ማህሌት፦ ሎሚ! ድንጋዩን በሚስማር ትፍቀዋለህ፣ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ ታደርጋለህ፤ የኖራ ድንጋይ ከሆነ አረፋ ይደፍቃል። አሲዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያስወጣው ነው። አሸዋ ድንጋዩ ላይ ስትሞክር ግን ዝም።

ሄኖክ፦ ሰው ሎሚ የሚይዘው ለጥምቀት መስሎኝ! ቆንጆ ልጅ ላይ ነው የሚወረወረው።

ማህሌት፦ (ሳቅ) ልጁ ሎሚዬን ነጥቆኝ ያገኘው ላይ ሁሉ ያንጠባጥብ ጀመር። ደጀን ምሳ ስንበላ የምግብ ቤቱን ግድግዳ ይፍቃል።

ሄኖክ፦ ባለቤቷ ምን አለች?

ማህሌት፦ መጀመሪያ ተቆጣች። በኋላ ግን ራሷ ከጓሮ ድንጋይ አምጥታ "ይሄንንስ?" አለችው።

ሄኖክ፦ (ሳቅ) እንዲህ ከሆነማ ጥምቀትን መጠበቅ አያስፈልግም። እሺ፣ ወደ ርዕሳችን...

ማህሌት፦ ርዕሱ እኮ ይሄ ነው! ልጁ አለቱን ያውቃል ግን አያየውም። ቀጥሎ የሚሆነውን ደግሞ ስማ፦ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ናቹራል ሊመርጥ ነው። ናቹራል ከመረጠ ጂኦግራፊ ቀረበት። ስለ አለት የሚማርበት ትምህርት ደግሞ ጂኦግራፊ ነው።

ሄኖክ፦ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ የሚገባውስ?

ማህሌት፦ ከናቹራል የመጣው ነዋ! ገባህ? ነገ ጂኦሎጂስት የሚሆነው ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ መሬት ምንም ሳይማር ይቆያል። ጂኦግራፊ የሚቀጥለው የሶሻል ተማሪ ደግሞ ጂኦሎጂ ክፍል አይገባም። እኔን ሁሌም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሄኖክ፦ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ፊዚክስ አለ፣ ኬሚስትሪ አለ፣ ሒሳብ አለ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለ። አንድ ትምህርት ጨምሩበት ብትዪ ወላጅ ይጮኻል። ደግሞ መስክ የሚወጣበት አውቶቡስ ከየት ይመጣል?

ማህሌት፦ ትምህርት ጨምሩ አላልኩም! ኬሚስትሪ ውስጥ ስለ አሲድ ሲማር የኖራ ድንጋይ ይቅረብለት። ፊዚክስ ውስጥ ስለ ሞገድ ሲማር የመሬት መንቀጥቀጥ ይነሣ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሌሊት አልጋችን አልተነቃነቀም?

ሄኖክ፦ ውይ! እኛ ፎቅ ላይ ነበርን። ልጆቼን አቅፌ ደረጃ ላይ ነው የነጋልኝ።

ማህሌት፦ እዚያ አካባቢ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሣ። ያኔ ልጆች የሚጠይቁት ማንን ነው? የሳይንስ መምህራቸውን ነው። አፋር ውስጥ ደባሁ በ1998 ዓ.ም. መስከረም 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ መሬቱ ተከፈለ፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ከሥር ቅልጥ አለት ሰንጥቆት ገብቶ ነው። የዓለም ተመራማሪ እየመጣ የሚያጠናው ስምጥ ሸለቆ እኛው አገር ነው ያለው!

ሄኖክ፦ እሱስ ልክ ነሽ። እኔ የምለው ዋናው ችግር የመምህሩ ዝግጅት ነው፤ ሥርዓተ ትምህርቱ አይደለም። ያንቺ ዓይነት አክስት ያለው ስንቱ ነው?

ማህሌት፦ መምህሩ እንዲዘጋጅ እኮ ሥርዓተ ትምህርቱ ይጠይቀው።

ሄኖክ፦ እኔ ደግሞ መጀመሪያ መምህሩ ይሠልጥን ባይ ነኝ።

ማህሌት፦ እሺ፣ ሁለቱም ይሁን። ስለ አውቶቡሱ ያልከውን ግን አልቀበልህም። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ተማሪ ከግቢው በር ሳይርቅ ስንት ነገር ያገኛል! የኮብልስቶን መንገዱ ባዛልት ነው። አጥሩ ላይ የተለጠፈው የአምቦ ድንጋይ አሸዋ ድንጋይ ነው። ለግንባታ የሚደፋው ቀይ አሽ ከእሳተ ገሞራ የተተፋ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ጋዝ የወጣባቸው ናቸው። ሲሚንቶው ከኖራ ድንጋይ ነው የሚጀምረው፤ ሙገር ሄደህ ብታይ ያው የዓባይ በረሃው ድንጋይ ነው።

ሄኖክ፦ የአምቦ ድንጋይ አሸዋ ድንጋይ ነው? የእኛ ግቢ አጥር በሙሉ እሱ ነው!

ማህሌት፦ ቀረብ ብለህ በእጅህ ዳብሰው፤ የአሸዋው ቅንጣት ይሰማሃል። አንዳንዱ ላይ ወንዙ አሸዋውን ሲደረድረው የፈጠራቸው ሰያፍ መስመሮች አሉ፤ ውኃው በየት በኩል ይፈስ እንደነበር ያሳዩሃል። ልጆችህን ጠርተህ አሳያቸው።

ሄኖክ፦ ዛሬ ማታ አሳያቸዋለሁ። ሎሚም እንይዛለን!

ማህሌት፦ አሸዋ ድንጋይ ላይማ አረፋ አትጠብቅ። ጎን ለጎን የኖራ ድንጋይ ቁራጭ ይኑራቸው፤ ሁለቱን ሲያነጻጽሩ ነው የሚገባቸው። እኔ ጋ ከዓባይ የመጣ አለ፣ እሰጥሃለሁ።

ሄኖክ፦ እሺ፣ ይሄን እቀበላለሁ። የሥርዓተ ትምህርቱን ክርክር ግን አልጨረስንም፤ መምህር የሆናችሁ አድማጮቻችን ክፍል ውስጥ ምን እንደምትሠሩ ጻፉልንና በሚቀጥለው ሳምንት እናነበዋለን።

ማህሌት፦ የናቹራል መምህራን በተለይ! ኬሚስትሪ የምታስተምሩ፣ እባካችሁ ጻፉልን።